ደመወዝ ትራስ ሥር አይቀመጥም

አቶ አምሃ የታመመ ሲጠይቁ ያየ ሰው፣ ምነው እኔንም ባመመኝ ይላል። ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ገና ከደጅ ቤተሰቡን በየስሙ እየጠሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ይገባሉ። እንደ አንዳንዱ ጠያቂ ስልካቸውን እያዩ አይቁነጠነጡም። በዚያው በሽታ ተይዞ የዳነ ሰው ወሬ አያጡም፤ የሞተ ቢያውቁም አያነሱትም። ሊወጡ ሲሉ ደግሞ፣ ሰው እንዳያየኝ ያሉ መስለው ሁሉም እያያቸው፣ ከበሽተኛው ትራስ ሥር ብር ሸጎጥ ያደርጋሉ። ከሲግናል እስከ የካ ዳገት ስማቸው በመልካም የሚነሳው በዚህ ነው፤ ይገባቸዋልም።

ደመወዝ ሲከፍሉ ያያቸው ግን ሌላ ሰው ያያል። ሲግናል ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፉበት ድርጅት አላቸው። ለሠራ ሰው ይከፍላሉ፤ ትንሽ ያዘገዩታል እንጂ አይክዱትም። ታሞ ለተኛ ሠራተኛ መክፈል ግን ጥርስ እንደ መነቀል ያማቸዋል። «ላልተሰፋ ሸሚዝ የሚከፍለኝ ትምህርት ቤት አለ?» ይላሉ። ነገሩ ለብቻው ሲሰማ እውነት ይመስላል፤ ብዙ ሠራተኛም እውነት መስሎት እየሳለ ሲሰፋ ኖሯል።

ሥርጉት ሁለቱንም አምሃ ታውቃለች። ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጣ ዓመታት አሳልፋለች፤ ቤቷም ከቤታቸው ብዙ አይርቅም፣ ከባሕር ዛፉ በታች ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ከልጇ ከሒሩት ጋር ትኖራለች። እድራቸው አንድ ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ጤና ይጠያየቃሉ፤ ድርጅቱ በር ላይ ሲገናኙ ደግሞ «አረፈድሽ» ይሏታል።

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ሥራው በሚጧጧፍበት ሰሞን ሳል ያዛት። ችላ አለችው። ዝናቡም አላባራ፣ ሳሉም አላባራ። አንድ ማለዳ ዳገቱን እየወረደች ታክሲ መያዣው ጋ ሳትደርስ ትንፋሽ አጥሯት እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤቶች አፋፍሰው ሐኪም ቤት አደረሷት። የሳንባ ምች ነበር፣ ያውም የከፋው ዓይነት። ተኝታ ታክማ ስትወጣ ሐኪሙ፣ «አንድ ወር ሥራ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ብሎ የሕመም ፈቃድ ጻፈላት።

እቤት በገባች በማግስቱ አቶ አምሃ መጡ። የመተኮሻ ክፍሉን ወንድይራድንና ሁለት ሰፊዎችን አስከትለው ነበር። ፌስታሉ አልቀረ፣ ከሞት የተረፉት ሰዎች ወሬ አልቀረ፣ ትራስ ሥር ያለውም አልቀረ። «ሥራውን አታስቢው፤ አንቺ ብቻ ዳኚልን» አሏት። ሥርጉት ዓይኗ እንባ አቀረረ። መረቀቻቸው፤ ምርቃቷም ከልቧ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። የሐኪሙ ወረቀት ኮመዲኖው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሒሩት ላድርሰው ብላም ጠይቃ ነበር። ሥርጉት ግን፣ «ሰውዬው በዓይናቸው አይተውኝ ሄደው ወረቀት ምን ይሠራል? ይታዘቡናል» አለቻት። ሊጠይቅሽ ቤትሽ ለመጣ ሰው መታመምሽን በወረቀት ማስረዳት በእኛ ሰፈር አላመንኩህም እንደ ማለት ነው። ወረቀቱ እዚያው ቀረ።

ወሩ አለቀ፤ የሌሎቹ ደመወዝ ገባ፣ የሷ አልገባም። ደወለች። «ሰኞ ይገባል» ተባለች። ሰኞ ሲሆን ሐሙስ ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። በመጨረሻ ሒሩት ወረቀቱን ይዛ ሲግናል ወረደች። የተቀበላት የአቶ አምሃ የእህት ልጅ፣ የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ኢዛና ነበር። ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ «ይሄ ዛሬ ነው የሚመጣው? እናትሽ ሳታሳውቅ ነው የቀረችው። ጉዳዩ ይጣራል» አላት።

ይጣራል የምትለውን ቃል ያመጣት ሰው ነፍሱን አይማረው። እምቢ አይደለችም፣ እሺም አይደለችም። ሰው እሷን ይዞ ሲመላለስ ጫማው ያልቃል።

ሥርጉት ይህን ስትሰማ መጀመሪያ በራሷ ተናደደች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ወረቀቱን በጊዜው መስጠት ነበረባት። ከዚያ ግን ንዴቷ መንገዱን ቀየረ። ሳታሳውቅ? ማን ነበር ታዲያ እግሯ ሥር ተቀምጦ የዳኑትን ሰዎች የቆጠረላት?

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያያት ሳንባዋ ገና እንዳልጠራ ነግሯት ሌላ አንድ ወር ጨምሮላታል። «አሁን ሥራ ከገባሽ ተመልሰሽ ትመጪያለሽ፤ ያኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አትወጪም» ብሏታል። የቤት ኪራይ ግን ሳንባ አያይም። ቤቷ የነበረው አልቋል፤ የእማማ ጠይባ ሱቅ ዱቤም ፊቷን ማሳፈር ጀምሯል። ደመወዙ ካልገባ በሚቀጥለው ሰኞ ተነስታ ዳገቱን ወርዳ ከዚያ የስፌት መኪና ፊት መቀመጧ ነው፤ ሐኪሙ የነገራት ደግሞ እንዳይደርስ መጸለይ።

እናቷ ዘርትሁን ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እያወረደች ነበር ያሳደገቻት። ደረቷን እያመማት ትወጣ ነበር፣ እያመማት ትወርድ ነበር። ታማ የምትተኛበት አንድ ቀን አልነበራትም፣ የሚከፍላት አልነበረማ። አንድ ቀን ደረቷ እምቢ አለ፤ ሥርጉት ያን ጊዜ ገና ነፍስ ማወቋ ነበር። «እናቴ ማንንም አትጠይቅ ነበር፤ የምትጠይቀው አልነበራትም» አለቻት ለሒሩት። «እኔ ግን አሠሪ አለኝ። ነጠላዬን አምጪልኝ።»

ክፍለ ከተማው ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ዱሬሳ የሚባል ባለሙያ ነበር። ሥርጉት ሦስት እርምጃ ሄዳ አንዴ ትንፋሽ እየወሰደች ወንበሩ ላይ ስትደርስ፣ ውሃ አስመጣላትና ጨርሳ እስክትጠጣ ዝም ብሎ ጠበቃት። ከዚያ ሰምቷት ሲያበቃ ነገሩን በቀላሉ አስረዳት።

«ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል። ይሄ የአሠሪው በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ሕግ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ አሳውቀሻል?»

«እሳቸው ራሳቸው ቤቴ መጥተው ጠይቀውኛል።»

«እንግዲያ ሌላ ማሳወቅ አያስፈልግሽም። አሠሪው መታመምሽን የሚያውቅ ከሆነ ሳታሳውቂ ቀረሽ ሊልሽ አይችልም። ጠርተን እንጠይቃቸዋለን።»

ተጠሩ። አቶ አምሃ ራሳቸው አልመጡም፤ ኢዛና ያዘጋጀውና እሳቸው የፈረሙበት መልስ ግን መጣ። «ሠራተኛዋ መታመሟን ድርጅቱ አላወቀም» ይላል። ዱሬሳ አንብቦላት፣ «አብረው የመጡ ሰዎች ነበሩ ብለሻል፤ ይመሰክሩልሻል?» አላት። የሚቀጥለውም ቀጠሮ ለማክሰኞ ሆነ።

ከዚያው ከቢሮው በር ላይ ለወንድይራድ ደወለችለት። መተኮሻው ሲጮህ ይሰማል። «እህቴ ሥርጉት፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አላት። «አላየሁም ብዬ አልምልም። አየሁ ብዬ ግን ቢሮ ቆሜ አልናገርም። እንዳትቀየሚኝ።» ሁለቱ ሰፊዎችም ያሉት ይህንኑ ነው፣ አንደኛዋ እንደውም እያለቀሰች። ሥርጉት ተቀይማለች፣ ለምን ይዋሻል። ግን ደግሞ እሷም ትናንት በነሱ ቦታ ብትሆን ምን እንደምትል ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዎች ደጇን አንኳኩ። አንዱ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሣህሌ ናቸው፣ ሌላዋ ባለሱቋ እማማ ጠይባ። አቶ አምሃ ነበሩ ሽማግሌ አድርገው የላኳቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ጎረቤትና ጎረቤት በመንግሥት ቢሮ ሲካሰስ ደስ አይልም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ግቢ ኑና ተነጋገሩ። እምቢ አትበይን።»

«መች እምቢ አልኩ፣ ጋሽ ሣህሌ» አለች ሥርጉት፣ «እመጣለሁ።»

ሰዎቹ ሲወጡ ሒሩት ጣሪያ ነካች። ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ስትናደድ እንግሊዝኛው ይቀድማታል። «ኖ፣ ኖ፣ ማሚ። ይሄ ትራፕ ነው። ሽማግሌ ማለት ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ፤ ይቅር ለእግዜር በይ፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ። ደመወዝሽ በዚያው ቀለጠ። ኬዙ እዚያ ቢሮ ነው ያለው።»

«እዚያማ ፕሩፍ የለኝም፤ እንዲያ አይደል የምትሉት?» አለች ሥርጉት እየሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል እየተለወጠ። «ቢሮ የመጣው ኢዛና የጻፈው ወረቀት ነው። ጋሽ ሣህሌ ግቢ ግን የሚመጡት ጋሽ አምሃ ናቸው። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሳቸውን ነው።» ከዚያ በላይ አላብራራችም። ሒሩት እናቷ እንዲህ ፈገግ ስትል የሆነ ነገር እንዳለ ስለምታውቅ ክርክሩን ተወችው።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከጋሽ ሣህሌ ግቢ ቁልቁል ከተማው ይታያል፣ ሽቅብ ደግሞ እንጦጦ። አቶ አምሃ ኢዛናን አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቅር የተሰኘ ሰው ፊት ይዘው መጡ። ሥርጉት ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳች። የሽምግልና ወጉ እንደሆነው ጋሽ ሣህሌ መርቀው ጀመሩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥም አስጠነቀቁ።

መጀመሪያ አቶ አምሃ ተናገሩ፤ ንግግራቸውም ረጅም ነበር። ለሠራተኞቻቸው አባት መሆናቸውን፣ ሰው ሲያገባ እንደሚያበሉ፣ ሲሞት እንደሚያለቅሱ፣ በዕድሜያቸው ተከሰው እንደማያውቁ ዘረዘሩ። «በደሌን ንገሪኝ ብላት ምን ትላለች? እኔ ሰው ፊት መካሰስ አልወድም፣ ቢሮ አልወድም። አሳዝናኛለች» ብለው ጨረሱ። እማማ ጠይባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራው የሥርጉት ሆነ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሳንባዋም አይፈቅድላትም።

«ጋሽ አምሃ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ሳከብራቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። የደመወዙን ነገር ለጊዜው ተዉት። እኔን አንጀቴን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከሞት አፋፍ ተመልሼ ያን ሁሉ ቀን ስተኛ፣ መታመሜን አልሰማሁም ብለው ቢሮ ልከዋል። ፊርማቸው አለበት። አንድ ሰፈር፣ አንድ እድር ሆነን፣ ድርጅታቸው ውስጥ ጸጉሬ ሸብቶ፣ መታመሜን ካልሰሙ አልጠየቁኝም ማለት ነው። እንግዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን ካልጠየቀ፣ የምን ሽምግልና ነው የምንቀመጠው?»

የካ ዳገት ላይ ሰው ብዙ ነገር ሊባል ይችላል፤ ስስታም፣ ነገረኛ፣ ሰካራም ተብሎም ይኖራል። የታመመ ጎረቤቱን የማይጠይቅ ከተባለ ግን ነገ እሱ ሲሞት ድንኳኑ ባዶ ይሆናል።

እማማ ጠይባ ቀስ ብለው ወደ አቶ አምሃ ዞሩ። «አምሃ፣ እውነት ነው? ይቺ ልጅ ያን ያህል ተኝታ አልሰማሁም አልክ?»

አቶ አምሃ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «እኔ ነኝ የማልጠይቅ?» አሉ። «እኔ አምሃ? ከሐኪም ቤት በወጣች በማግስቱ ነው እኮ የሄድኩት። ያን ዳገት በዚያ ዝናብ ወጥቼ። ብርቱካኑንስ ከማን ሱቅ ገዛሁት፣ ጠይባ፣ ካንቺ አይደለም? ወንድይራድን ይዤ፣ ሴቶቹን ይዤ፣ እግሯ ሥር ተቀምጬ። ሥራውን አታስቢው፣ አንቺ ብቻ ዳኚልን ብያታለሁ። ከትራሷ ሥር ብር አኑሬ ነው የወጣሁት። ትካደኝ እስቲ። ትካደኛ።»

«አልክድም» አለች ሥርጉት። «መጥተዋል። ጠይቀውኛል። እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። መጀመሪያ ነገሩ የገባው ለኢዛና ነው፤ በሩ ጋ ቆሞ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቀጥሎ ጋሽ ሣህሌ ገባቸው፤ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ ሰማይ አዩ። አቶ አምሃ መጨረሻ ላይ ነው የደረሱበት። ወደ ሥርጉት አዩ፣ እሷም አየቻቸው። አትስቅም ነበር።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ «አላወቅኩም ካልክ አልጠየቅክም። ጠየቅኩ ካልክ አውቀሃል። ሁለቱን ባንዴ መሆን አይቻልም፣ አምሃ። አንዱን ምረጥ።»

አቶ አምሃ ጋቢያቸውን ከመሬት አነሱ። አቧራውን ብዙ ጊዜ አራገፉት። «ያ ወረቀት…» አሉ፣ ወደ ኢዛና ሳያዩ፣ «ልጁ ጻፈው፣ እኔ ፈረምኩት። ሳላነብ ነው። ጠይቄያታለሁ። አውቅ ነበር።»

ከዚያ ግን የሰውዬው ዓመል መለስ አለ። ኪሳቸው ገቡና የታሰረ ብር አወጡ። ለዕርቁ ብለው አስበውበት ይዘውት መጥተው ነበር መሰለኝ። ሁሉም እያያቸው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት። «በይ እንግዲህ፣ ሥርጉት። ለመታከሚያሽ ይሁንሽ፤ ከኔ ከወንድምሽ። ደመወዝሽን ቢያክል እንጂ አያንስም። ሽማግሌዎቹም ይመርቁን።»

ብሩ እዚያ ነው፣ እጇ ጋ። ኪራዩ፣ ዱቤው፣ የሚቀጥለው ሰኞ፣ ሁሉም በዚያ እጅ ውስጥ ነበር። ሥርጉት አየችው፤ እጇ ሊነሳ ሲል ተሰማት። ግን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ስጦታ ከሆነ ጋሽ አምሃ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ደመወዜ ግን አሁንም አልተከፈለኝም ማለት ነው።»

«ምን ልዩነት አለው? ያው ብር አይደል?»

«አይደለም። ትራሴ ሥር ያኖሩትን በልቼ መርቄዎታለሁ፤ ያ የጎረቤት ነው። ይሄኛው የአሠሪ ነው። በስጦታ ከተቀበልኩዎት በሚቀጥለው ወር ደግሞ ደጅ ልጠናዎት ነው። ነገ ሌላው ሲታመም እሱም ደጅ ሊጠናዎት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደጅ መጥናት አይችልበትም፤ ዝም ብሎ እየሳለ ይሠራል። እኔ ያን አልፈልግም። ያለፈው ሙሉው፣ አሁን ያለሁበት ወር ግማሹ፣ እንደ ሌላው ወር በባንክ ይግባልኝ፤ ደመወዝ ተብሎ። ሳንባዬ ሲድን ደግሞ መጥቼ እሰፋልዎታለሁ፤ እንደማልለግም ያውቃሉ።»

አቶ አምሃ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ያግዙኛል ብለው ነበር። እማማ ጠይባ ነጠላ ጫማቸውን ያያሉ። ጋሽ ሣህሌ ደግሞ ቀና ብለው፣ «ሽማግሌ የሰማውን አይክድም» አሉ። «ማክሰኞ ያ ቢሮ ቢጠራን እኔም ጠይባም ሄደን ዛሬ የተባለውን እንናገራለን። ባንጠራ ግን ይሻላል፣ አምሃ። ላንተም ይሻላል።»

ብሩ ወደ ኪስ ተመለሰ። ኢዛና ሳይጠየቅ ከበሩ ጋ ሆኖ፣ «ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ፣ አጎቴ» አለ። አቶ አምሃም በአንገታቸው እሺ አሉ።

«እንግዲያ ይቅር ተባባሉ» አሉ እማማ ጠይባ።

«ይቅርታው ከልቤ ነው፤ አሁኑኑ» አለች ሥርጉት። ተነስታ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። «የማክሰኞውን ቀጠሮ የምተወው ግን ብሩ ሲገባ ነው።» አቶ አምሃ ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም፤ በግድ ከንፈራቸው ፈገግ አለ። «አንቺስ ስፌት ላይ ባከንሽ» አሏት።

ሰኞ ረፋድ ላይ የባንኩ መልእክት ገባ። ሥርጉት አልጋዋ ላይ ሆና ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አነበበችው። ደመወዝ ይላል። ሒሩት ደግማ አነበበችላት፤ ደመወዝ ነው የሚለው። ወዲያው ለእማማ ጠይባና ለቤት አከራይዋ የሚደርሰውን አስላከች፣ ለዱሬሳም ደውላ ነገረችው። ልጅቷም ወደ ትምህርቷ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ወንድይራድ ነበር። ከጀርባው መተኮሻው አይሰማም፤ ደጅ ወጥቶ ነው የሚደውለው። ድምፁ ጎርንኗል።

«እህቴ ሥርጉት፣ ሰማን። እዚህ ሁሉም ሰምቷል» አላት። ሳለ፤ ሳሉ ከደረቱ የሚመጣ ዓይነት ነበር። «ባለፈው ስላልኩሽ ነገር… እኔ ምን ፊት አለኝ። ግን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እኔም ይሄው ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ሌሊት አያስተኛኝም። ለማን ነው መጀመሪያ የሚነገረው?»

ሥርጉት የምትለው ብዙ ነገር ነበራት። ምላሷ ጫፍም ደርሶ ነበር። ግን ያንን ሳል ታውቀዋለች።

«አሁኑኑ ገብተህ ለጋሽ አምሃ አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው በላቸው» አለችው። «ሰው እየሰማ በላቸው። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂድ። ወረቀት ከሰጡህ ዛሬውኑ ለኢዛና አድርስ፤ ይታዘቡኛል ብለህ እንዳታሳድረው። ወንድይራድ፣ ሰማኸኝ? ዛሬውኑ።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ። ተቆጥተው ይከፍላሉ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ከታች ከመንገዱ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ ሰው ወደ ሥራው ይጣደፋል። ሰኞ ነበር፣ ረፋድ፣ የለየለት የሥራ ሰዓት። ሥርጉት ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችና ተኛች።